በድብቅ ስለሚያዙ ባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማው የቤቶች አስተዳደር ኃላፊዎች
ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች
በከተማዋ ዳርቻ ለሚገኙ ፖሊስ ጣቢያዎች

ጉዳዩ፦ ባለቤታቸው ያልገባባቸውን የጋራ መኖሪያ ቤቶች በድብቅ መያዝን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለማስቆም

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ መንደሮች በየብሎኩ የምንሠራ የኮሚቴ አባላት፣ ጥበቃዎች፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈው ባለቤታቸው ገና ስላልገባባቸው ቤቶች ነው። በእነዚህ ቤቶች ሰው በድብቅ ይገባል፣ ስድስት ወር ወይም ዓመት ይኖራል። ባለቤቱ በመጣ ቀን በሩ ላይ የማያውቀው ቁልፍ፣ ውስጥ የማያውቀው ቤተሰብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው መንከራተት ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ ወረዳው ወደ ፖሊስ ይልከዋል፣ ፖሊስ ወደ ፍርድ ቤት፣ ፍርድ ቤት ማስረጃ አምጣ ይለዋል፣ ማስረጃው ደግሞ ያለው መዝገብ ቤት ነው፣ መዝገብ ቤቱም ነገ ተመለስ ይላል።

ጥር 2013 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ ራሱ ያስጠናውን ጥናት ይፋ ሲያደርግ ከሕግ ውጭ የተያዙ ወይም የያዛቸው ሰው በአግባቡ የማይታወቅ ከ21 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መገኘታቸውን ለሕዝብ አስታውቋል። ከእነዚህ ውስጥ በቢሮ ውስጥ በወረቀት የሄዱ አሉ፤ ያ የእኛ እውቀት አይደለም። እኛ የምናውቀው በደረጃ በኩል የሚገባውን ነው፤ ጓጉንቸር ተቆርጦ፣ መስኮት ተነቅሎ፣ በረንዳ ተዘልሎ የሚያዘውን። ስለዚህ ዓይነቱ ደፍረን የምንለው አንድ ነገር አለን። ቤቱ በአንድ ሌሊት ቢሰበርም የሚወሰደው በሳምንታት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ምልክቱን የሚያይ ሰው በየብሎኩ አለ፤ ያየውን ተቀብሎ የሚመዘግብ ቢሮ ግን የለም።

ቤት ለምን ባዶ ይቆያል የሚለውን በአጭሩ እናንሳ፣ ምክንያቱም ባለቤቱን "ለምን አልገባህበትም" ብሎ መውቀስ የተለመደ ሆኗል። በ20/80 መርሐ ግብር ዕጣ የወጣለት ሰው ሃያ ከመቶውን ከፍሎ፣ ለቀሪው ከባንክ ተዋውሎ ሲረከብ የሚያገኘው ያለቀ ቤት አይደለም። የውስጥ በር የለም፣ ወለሉ አልለበሰም፣ የሽንት ቤት መቀመጫ የለም፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጫፉ ታፍኖ ነው የሚጠብቀው። ሰውየው የሚኖርበትን ኪራይ እየከፈለ፣ የባንኩንም ወርኃዊ ክፍያ እየከፈለ፣ ሲሚንቶውንና ሴራሚኩን በየተራ እስኪገዛ ቤቱ ተዘግቶ ይቆያል። ሌላው ባለቤት ውጭ አገር ነው። ሌላው አርፎ ወራሾቹ ክርክር ላይ ናቸው። ዕጣ ወጥቶ ቁልፍ ያልተሰጠባቸውም ብሎኮች አሉ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ ተሰርዞ ኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና መውጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እንዲህ ያለ መዘግየት በመጣ ቁጥር ሕንፃው ቆሞ ባለቤት የሌለው ጊዜ ይረዝማል።

አሁን ወደ አገባቡ። መጀመሪያ የሚመጣው ሊኖር የፈለገው ሰው አይደለም፣ ቤት አጣሪው ነው። በበሩና በክፈፉ መካከል ከታች በኩል የታጠፈች ወረቀት ይወትፋል። ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ ያያል። ወረቀቷ ካለች በሩን የከፈተ ሰው የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ያንኑ ይደግማል፤ ከወር በኋላ ወረቀቷ እዚያው ከተገኘች ቤቱ "ጠያቂ የለውም" ተብሎ ይያዛል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚህ ግን የሚናቅ ባለቤት እንኳ አይታወቅም፣ በብሎኩ ውስጥ የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው ስለሌለ።

ቁልፉ የሚቆረጠው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ይህን ልብ በሉልን። አዲስ መንደር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ግራይንደር ይጮኻል፤ አንዱ ሴራሚክ ያስቆርጣል፣ አንዱ የበረንዳ ብረት ያስበይዳል። በዚያ ጩኸት ውስጥ አንድ ጓጉንቸር ለመቁረጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ ቀና ብሎ የሚያይም የለም። የሥራ ልብስ ለብሶ፣ መሰላል ተሸክሞ የመጣ ሰው ባለቤቱ የላከው ይመስላል። ከዚያ በተቆረጠው ቦታ ያንኑ ዓይነትና ያንኑ መጠን ጓጉንቸር ይሰቀላል፣ አዲስ እንዳይመስልም ጭቃና ኖራ ይቀባል። ባለቤቱ ወይም የላከው ዘመድ መጥቶ ከደረጃው ሥር ቀና ብሎ ቢያይ ቁልፉ አለ፣ በሩም ዝግ ነው፤ ደስ ብሎት ይመለሳል። ቁልፉን አስገብቶ ካልሞከረ ምንም አላየም ማለት ነው። ለባለቤቶች ሁሉ የምንለው ይህን ነው፤ ከታች አይታችሁ አትመለሱ፣ ውጡና ቁልፋችሁን አዙሩ።

ምድር ቤት ላይ ደግሞ መንገዱ መስኮት ነው። የመስኮት ብረት ያልተበየደለት ቤት የመስኮቱ መስተዋት መያዣ ጎማ በቢላ ተልጦ መስተዋቱ ሳይሰበር ይወጣል፣ ሲገባበትም ይመለሳል። ፎቅ ላይ አጠገቡ ያለው ቤት ክፍት ከሆነ በረንዳ ለበረንዳ ነው። የተነካካ ምልክት በደረጃው በኩል ስለማይታይ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

ጥበቃ ሲጠየቅ "ምንም አላየሁም" የሚለው ሁልጊዜ ዋሽቶ አይደለም፤ ምን እንደሚያይ የነገረው የለም። ሊያይ የሚገባው ይህን ነው። ባዶ ቤት ፊት ለፊት ያለው ደረጃ አቧራ ይይዛል፤ አቧራው መሐል ለመሐል ከተጠረገ ሰው ይመላለስበታል። የጓጉንቸሩ የቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያ ይብለጨለጫል፣ ሌላው አካሉ ዝጎ ሳለ። በበሩ ማዕዘን የነበረው የሸረሪት ድር ይጠፋል። መስኮቱ ከውስጥ በጋዜጣ፣ በማዳበሪያ ወይም በጥቁር ላስቲክ ይሸፈናል፤ ማታ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከሕንፃው ማዶ ቆሞ ላየ ሰው በሽፋኑ ጠርዝ ቀጭን የብርሃን መስመር ይወጣል። ንጋት ላይ ሰው ሳይነሳ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዞ የሚወጣ አዲስ ፊት አለ። ከሁሉም በላይ የቆጣሪ ሳጥኑ አይዋሽም። በካርድ ቆጣሪ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ የምትለው ኃይል ሲወሰድ ነው፤ ባዶ በተባለ ቤት ቆጣሪ ላይ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለች ውስጥ ምጣድ ወይም ምድጃ አለ። ቆጣሪው ሒሳብ ጨርሶ ጠፍቶ ሳለ ቤቱ ውስጥ ብርሃን ከታየ ደግሞ መስመሩ ከሌላ ቦታ መጥቷል። በውሃውም እንዲሁ ነው፤ በቆጣሪው መስተዋት ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎማ ባዶ ቤት ላይ ልትዞር አይገባትም።

ከሌላ ቦታ የሚመጣው መብራት ላይ ጥቂት እንቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያልቅበት ይህ ነው። በድብቅ የገባ ሰው ቆጣሪ ማስገባት አይችልም፣ ስለዚህ ከደረጃው መብራት ይጠልፋል። የደረጃ መብራት መስመር ለአምፖል ነው የተዘረጋው፤ ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ መጠበቂያው ብሬከር 10 አምፒር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ነው። ብሬከሩ ወዲያው አይወድቅም፣ እንጀራ አንድ ሁለት ከወጣ በኋላ ነው የሚወድቀው። ያኔ የደረጃው መብራት ሁሉ ይጠፋል፣ ጎረቤት ያጉረመርማል፣ በድብቅ ያለው ሰው እንዳይታወቅበት ይፈራል። የሚያደርገው ብሬከሩን በ32 አምፒር መቀየር ወይም በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነው። አሁን የሚወድቅ ነገር የለም፤ ሙቀቱን የሚሸከመው በግድግዳው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሆነ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚግለው በእጅ ተጠምዝዞ በፌስታል የተጠቀለለው መጋጠሚያ ነው። ፌስታሉ ይቀልጣል፣ የሽቦው ልባስ ይቀልጣል፣ በዚያ በኩል ያለው ማዳበሪያና ጋዜጣ ይቀጣጠላል። ከእሳቱ ማምለጫው ደግሞ ያው አንዱ ደረጃ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የደረጃ መብራት መስመር የብሎኩ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው። በየጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያውን የማስተዳደር ሥራ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከጋራው ሳጥን የተጠለፈን ሽቦ ለማላቀቅ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ባለሙያ አስጠርቶ፣ ዋናውን አጥፍቶ፣ ሁለት ምስክር አቁሞ፣ ፎቶ አንስቶ ይፈታዋል። ቤቱን መስበር ግን የማኅበሩ ሥልጣን አይደለም። ይህን ድንበር የማያውቁ ኮሚቴዎች በስሜት በር ሰብረው ራሳቸው ተከሳሽ ሆነው ያውቃሉ።

መብራት መጥለፍ ያልቻለው ደግሞ ከሰል ያነዳል። ብርሃን እንዳይታይ የተደፈነ መስኮት አየርም አያስገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ከከሰል የሚወጣ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ይጀምራል፣ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፣ ይተኛል፣ አይነሳም። ክረምት ሲገባና ብርዱ ሲጠና ከሰሉ ወደ መኝታው ይጠጋል። በድብቅ ያለ ቤተሰብ "እርዱኝ" ብሎ ለመጮኽም ይፈራል። ይህን የምንጽፈው ሰብሮ የገባውን ለመከላከል አይደለም፣ በሩ ጀርባ ልጆች ስላሉ ነው።

የፍሳሹን ነገር በአጭሩ። መቀመጫ ያልተገጠመለት ሽንት ቤት ወለሉ ላይ ያለው ባለ 110 ሚሊሜትር ቱቦ በሲሚንቶ ከረጢትና በፌስታል ተወትፎ ነው የሚተወው። በድብቅ የገባው ሰው ውታፉን አውጥቶ ቱቦውን እንዲሁ ይጠቀምበታል፤ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ክርኑ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ማፍሰሻ ስለሌለ ቆሻሻው አይገፋም። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ከታች ያለው ቤት ጣሪያ ላይ በቧንቧው ዙሪያ ቡናማ ክብ ይወጣል፤ ማንሆሉም ይገነፍላል። ታችኛው ጎረቤት መጀመሪያ የሚወቅሰው የላይኛውን ባለቤት ነው፤ ያ ባለቤት ግን ቤቱን ከተረከበ ወዲህ አላየውም። ስለዚህ ጣሪያ ላይ እድፍ ታየ የሚል አቤቱታ ሲመጣ ከላይ ያለው ቤት ባዶ ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ ያ አቤቱታ የቧንቧ ብቻ ሆኖ አይታይ።

ስለ ሕጉም ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ስለሚያወራ እንዳለ እናስቀምጠው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1148 ይዞታው በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበት ሰው ወዲያውኑ፣ ነጣቂውን በማስወጣት ወይም እጅ ከፍንጅ አግኝቶ ወይም ሲሸሽ ተከታትሎ፣ እንዲያስመልስ ይፈቅዳል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ የሆነ ኃይል ግን ይከለክላል። ዋናው ነገር ያለው "ወዲያውኑ" በሚለው ቃል ላይ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ጎረምሳ ሰብስቦ መምጣት በዚህ ቁጥር አይሸፈንም። ያኔ መንገዱ ቁጥር 1149 ነው፤ ሁከት ይወገድልኝ፣ ይዞታዬ ይመለስልኝ የሚለው ክስ፣ ይዞታው ከተነጠቀ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ዓመት ካለፈ ባለቤቱ ቤቱን ያጣ ይመስለዋል፤ አላጣም። በባለቤትነቱ ላይ ተመሥርቶ በቁጥር 1206 መጠየቅ ይችላል፤ ግን ክሱ ይከብዳል፣ ባለቤትነቱን በሰነድ ማስረዳት ይጠበቅበታል፣ ጊዜም ይፈጃል። ሰብሮ የገባው ወገን ደግሞ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ሰብስቦ "ባለቤት ሆኛለሁ" ብሎ ራሱን ያታልላል። ቁጥር 1168 የሚናገረው 15 ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ የባለቤትነት ግብር ስለ መክፈል ነው፤ የፍጆታ ደረሰኝ ግብር አይደለም።

ትልቁ ክፍተት ግን ሕጉ ላይ ሳይሆን በእናንተ አሠራር ውስጥ ነው፤ ደጋግመን ያየነውም ይህን ነው። የሁከት ክስ የሚያቀርበው ይዞታው የነበረው ሰው ነው። ዕጣ ወጥቶለት ቁልፍ ያልተረከበ ሰው ይዞታ አልነበረውም፤ ይዞታው ያለው በአስተዳደሩ እጅ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ከተሰበረ ዕድለኛው "ቤቴ ተያዘ" ብሎ ይመጣል፣ "ገና አልተረከብክም፣ አያገባህም" ይባላል፤ አስተዳደሩ ግን ራሱ ክስ አይመሠርትም፤ ሁለት ዓመቱ እንዲሁ ይነጉዳል። በመጨረሻ ለዕድለኛው ቁልፍ ሳይሆን ውስጡ ሰው ያለበት ቤት ይተላለፍለታል። የምንጠይቀው ቀላል ነው፦ ከዕጣ እስከ ርክክብ ባለው ጊዜ ለተያዘ ቤት ሁሉ ክሱን የሚመሠርተው አስተዳደሩ ይሁን፣ የሚከታተለው ሠራተኛም በስሙ ተመድቦ ይታወቅ። ሰው የሚኖርበት ቤት ደግሞ ባዶ ተብሎ አይተላለፍ።

ርክክቡ ራሱ መታረም አለበት። ግንባታው ሲካሄድ የበሩ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ማንም አይቆጥርም፤ ተቋራጩ፣ ቀቢው፣ የቧንቧው ሠራተኛ፣ ጥበቃው። ርክክቡ በተፈረመበት ቀን የበሩ ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበት አካል፣ በባለቤቱ ፊት ይቀየር። ይህ በአንድ ብሎን መፍቻ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ በሩን ከፍቶ በጠርዙ በኩል ሲሊንደሩን የያዘውን ረጅም ብሎን ማውጣት፣ ቁልፉን ጥቂት ዞር አድርጎ ሲሊንደሩን መሳብ፣ አዲሱን በዚያው ርዝመት መተካት። ርዝመቱ ሳይለካ ከተገዛ ከበሩ ውጭ ይተርፋል፤ የተረፈ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል። ከበሩ ገጽ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ የባዶ ቤት መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የቤት ቁጥር፣ የባለቤቱ ወይም የወኪሉ ስልክ፣ ቤቱ የታሸገበት ቀን፣ የመጨረሻ ጉብኝት ቀን፣ የኤሌክትሪክና የውሃ ቆጣሪ ንባብ። በየ15 ቀኑ ሁለት ሰው፣ አንድ ከኮሚቴ አንድ ከጥበቃ፣ ዞሮ ያያል። በሩና ክፈፉ ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ በማጣበቂያ የተለጠፈ ወረቀት ይኑር፣ ቀንና ፊርማ ያለበት፤ ከተቀደደ ያኔውኑ ይታወቃል። ንባቡ ከተለወጠ ወይም ወረቀቱ ከተቀደደ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይደወላል፣ በሦስት ቅጂ የተሞላው ቅጽ አንዱ ለወረዳ፣ አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ በብሎኩ ይቀራል። ስልኩና ስሙ በብሎክ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አይደለም፤ ባዶ ቤት የትኛው እንደሆነ ለደላላ ማሳወቅ ይሆናል። መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ያ ሰው ሲቀየር በፊርማ ይተላለፍ።

ፖሊስ ጣቢያዎችን የምንለምነው ይህን ቅጽ እንድትቀበሉ ነው። "የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ" የሚለው መልስ ከተያዘ ዓመት ለሆነው ቤት ያስኬድ ይሆናል። ትናንት ማታ ጓጉንቸሩ ለተቆረጠ ቤት ግን አያስኬድም፤ ቁልፍ ቆርጦ የሰው ቤት መግባት በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ቦታው ላይ ከደረሰ፣ የተቆረጠው ቁልፍ ሳይጣል፣ ውስጥ ያለውም ሰው ዕቃውን ሳይዘረጋ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ከተዘረጋ፣ ሕፃን ከገባ፣ የኪራይ ውል ከተጻፈ በኋላ ለሁሉም ወገን ከባድ ይሆናል።

የኪራይ ውሉ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። በነዚህ ቤቶች ውስጥ ከምናገኛቸው ብዙዎቹ ሰባሪዎች አይደሉም፤ ገንዘብ የከፈሉ ናቸው። ደላላው "የውጭ አገር ሰው ቤት ነው፣ እኔ ነኝ የማከራየው" ብሎ የቁልፍ ብር ይቀበላል፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ይቀበላል፣ በተራ ወረቀት ውል ይጽፋል፣ ይጠፋል። ቤቱን የሰበረው እሱ ነው፣ ሲያዝ የሚያዘው ግን የከፈለው ነው። ይህን የሚያቋርጥ መሣሪያ በእጃችሁ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ በአረጋጋጩ አካል ቀርቦ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ ሦስት ወር የሚጠይቅ ደላላ ከመጀመሪያው ሕግ እየጣሰ ነው። ወረዳው ውል ሲመዘግብ የአከራዩን ስም ከቤቱ የርክክብ ቅጽ ወይም ካርታ ጋር ካመሳከረ፣ ወኪል ነኝ የሚለውንም የውክልናውን ማረጋገጫ ካየ፣ የደላላው ወረቀት እዚያው ላይ ይሞታል። ተከራይ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን ሳይሆን ወረዳውን እዩ፤ አከራዩ አብሯችሁ ወረዳ መሄድ ከፈራ ብሩን አትስጡት። ደላላው ደግሞ በአታላይነት እንዲጠየቅ ተከራዩ እንደ ምስክር እንጂ እንደ ሌባ አይያዝ፤ ካስፈራራችሁት ማን እንዳከራየው አይናገርም፣ ደላላውም ወደ ሚቀጥለው ብሎክ ይሄዳል።

የጋራ አገልግሎት ሕንፃዎችን ደግሞ አትርሱ። ለድግስ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለከብት ማረጃ የተሠሩት ኮሚናሎች ብዙዎቹ ተቆልፈው ስለሚውሉ ሰው ይገባባቸዋል። የእነዚህ ባለቤት ማኅበሩ ስለሆነ በባዶ ቤት መዝገቡ ላይ ከቤቶቹ ጋር ይግቡ።

ስለ ማስወጣቱም አንድ ቃል። በፍርድ የሚወጣ ሰው ይውጣ፣ ይህን አንከራከርም፤ አሥር ዓመት ቆጥቦ ቤት የደረሰው ሰው ቤቱን ማግኘት አለበት። ግን አወጣጡ በቀን ይሁን፣ ቅዳሜ ማታ አይሁን። ትእዛዙ ቀድሞ በጽሑፍ ይድረስ። ዕቃው በሁለት ምስክር ፊት ተቆጥሮ ይጻፍ፣ ዝናብ ላይ አይውጣ። ከመውጣቱ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ የተጠለፈውን መስመር ያላቅቅ፤ ባለቤቱ ገብቶ ማብሪያ ሲጫን ኤሌክትሪክ እንዳይዘው። ቱቦው ይፈተሽ፣ ቆጣሪዎቹ ይነበቡ፣ ሲሊንደሩ በዚያው ሰዓት ይቀየር። ሲሊንደሩ ሳይቀየር የተመለሰ ቤት በሳምንቱ እንደገና ይያዛል፤ አሮጌው ቁልፍ የወጣው ሰው ኪስ ውስጥ ነውና።

ክረምት ሊገባ ነው። ሰኔ ከገባ የግንባታ ሥራ ይቀንሳል፣ ቀን ሠራተኛው ሥራ ያጣል፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ባዶ ቤቶቹም በብዛት የሚያዙት ያኔ ነው። ስለዚህ የመዝገቡን ናሙና ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል፤ አንድ ገጽ ነው፣ በየወረዳው ሊባዛ ይችላል። ከሰኔ 1 በፊት በአንድ መንደር እንኳ እንዲጀመር እንጠይቃለን። የመጀመሪያውን ዙር ጉብኝት ያለ ክፍያ ለመዞር በየብሎካችን ሁለት ሁለት ሰው መድበን ዝግጁ ነን፤ ቅጹን የሚቀበለን ሠራተኛ ስምና የቢሮ ቁጥር ብቻ ይነገረን።

ከአክብሮት ጋር፣
በከተማዋ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ መንደሮች የብሎክ ኮሚቴዎች፣ ጥበቃዎች፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኤሌክትሪክና ለውሃ አገልግሎት ቅርንጫፎች (ባዶ ተብሎ ለተመዘገበ ቤት አዲስ ቆጣሪ ከመግባቱ በፊት ከወረዳው ማረጋገጫ እንዲጠየቅ)
ለቤት ባለቤቶች በሙሉ